ከአቦሌ እስከ እኛ ሰፈር

2010 ዓ.ም. ላይ ነው። አዳማ፣ እኛ ሰፈር፣ ልጆች ድብብቆሽ ይጫወታሉ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ፊቷን አጥሩ ቆርቆሮ ላይ ደፍታ ትቆጥራለች። «ኮው፣ ለበ፣ ሰደሕ፣ አፈር፣ ሸን…» የኛ ልጆች እየሳቁ ይሯሯጣሉ። የምትቆጥረው በሶማሊኛ ነው። ልጅቷ ግን የኦሮሞ ልጅ ናት። ጅግጅጋ ተወልዳ፣ ጅግጅጋ አፏን ፈታ፣ ከነቤተሰቧ ተፈናቅላ ነው አዳማ የደረሰችው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ጅግጅጋ ገበያ አጠገብ አሥራ ሁለት ዓመት የሶማሌ ሴቶችን ድሪያ ሰፍታለች። አንድ ቀን ጎረቤት ቡና ተጠርታ መጣችና ወሬው ወደ መፈናቀሉ ዞረ። «ጎረቤቶቻችን አላባረሩንም» አለች። «አብረውን እያለቀሱ ነው የሸኙን። ያስወጣን የክልሉ ልዩ ፖሊስ ነው።» ዝም ብላ ቆየችና «ለመሆኑ ያን ሠራዊት ማን ነው ያመጣብን?» ብላ ጠየቀች።

ማንም አልመለሰላትም። አቦል ወርዶ ቶና ተቀዳ፣ ወሬው ተቀየረ። እኔን ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ወደ ኋላ እየተከተልኩት ስሄድ የደረስኩት አንድ ጠዋት ላይ ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ አቦሌ።

ያ ማክሰኞ

አቦሌ በሶማሌ ክልል፣ ደገሃቡር አካባቢ ያለች ትንሽ ቦታ ናት። ጆንግዩዋን የተባለ የቻይና ነዳጅ ፈላጊ ድርጅት እዚያ ካምፕ ነበረው። የትልቁ የሲኖፔክ ቅርንጫፍ ነው። ቻይናውያን ባለሙያዎችና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እዚያው ይሠራሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ወታደሮች ይጠብቋቸዋል።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ታጣቂዎች ካምፑን ከበቡ። የድርጅቱ ኃላፊ በወቅቱ እንደተናገሩት አጥቂዎቹ ከ200 በላይ ነበሩ፤ ተኩሱም 50 ደቂቃ ያህል ቆየ። ሲያበቃ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ሞተው ነበር። ሌሎች 7 ቻይናውያን ታፍነው ተወሰዱ። እነዚህ ከአምስት ቀን በኋላ ለዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ተሰጡና ተረፉ።

ጥቃቱን የፈጸምኩት እኔ ነኝ ያለው የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር ነው። በአጭሩ ኦብነግ እንለዋለን። የውጭ ኩባንያዎች በምድራችን ነዳጅ እንዳይፈልጉ አስቀድሜ አስጠንቅቄያለሁ አለ። ያነጣጠርኩት ካምፑን በሚጠብቀው ጦር ላይ ነው፣ ሲቪሎቹን ሆን ብዬ አልገደልኩም ሲልም ተከራከረ።

ይህን ክርክር አልቀበለውም። ሠራተኞች ተኝተው ያደሩበትን ካምፕ ጎህ ሲቀድ በጥይት መክበብ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ወታደር መሆን አያስፈልግም። የሞቱት ሰዎች ያን መሬት የያዙ ገዢዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ የወር ደመወዝ የሚጠብቁ ሠራተኞች ነበሩ። የግንባሩ ጥያቄ ትክክል ነው የሚል ሰው እንኳ ይህን ጠዋት ሊከላከልለት አይገባም።

ያን ጊዜ አዳማ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዜናውን በሬዲዮ ስንሰማ ሱቁ በሾፌርና በረዳት ተሞልቷል። መጀመሪያ የተጠየቀው ስለ ቻይና አልነበረም። «የኛ ልጅ አለበት እንዴ?» ነው የተባለው። በኛ ከተማ «ካምፕ ገባ» ማለት ሥራ አገኘ ማለት ነው። የመንገድ ካምፕ፣ የግድብ ካምፕ፣ የነዳጅ ካምፕ፣ ሁሉም አንድ ነው። ምግብ አለው፣ አበል አለው፣ ለእናት የሚላክ ገንዘብ አለው። የቀን ሠራተኛ ማለዳ ቆሞ የሚጠብቅበት ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ዜና የሩቅ ዜና አይሆንም።

የ9ኙ ቻይናውያን ሞት የዓለም ዜና ሆነ። 65ቱ ግን ቁጥር ሆነው ቀሩ። 65 ሰው ማለት 65 ድንኳን፣ 65 ለቅሶ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አቦሌ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ። ስማቸው በተራ ሲጠራ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ግንባሩ ጦሩን እንጂ እነሱን ማንሳት አልፈለገም። መንግሥት ያነሳቸው ለዘመቻው ምክንያት አድርጎ ነው።

ወደ ኋላ ትንሽ

ይህ ጠብ በአቦሌ አልጀመረም። እዚያው ሶማሌ ክልል፣ ካሉብ ላይ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋዝ ያገኘው ገና በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ በ1969 እና 1970 የሶማሊያ ጦር ወርሮ ያ ምድር የጦር ሜዳ ሆነ። ኦብነግ በ1976 ተመሠረተ። ደርግ ሲወድቅ ሽግግሩ ውስጥ ገባ፣ የክልሉንም ምርጫ አሸነፈ። በ1986 የክልሉ ምክር ቤት የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄ አነሳ። ማዕከላዊው መንግሥት አልተቀበለውም። አመራሩ ተበተነ፣ ግንባሩም ለሁለት ተከፈለ። ጠመንጃ የመረጠው ወገን ጫካ ገባ።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው። ጥያቄው በወረቀት የቀረበበት ጊዜ ነበር። መልስ ያጣው ያኔ ነው።

ጅግጅጋ ላይ ፓስታ ነቀዘ

መንግሥት ዝም ይበል የሚል ሰው የለም። 74 ሰው ተገድሏል። ገዳዮቹን ፈልጎ መያዝ የመንግሥት ግዴታ ነው። በዚያ ላይ በግንቦት 20 በዓል ጅግጅጋ ላይ የእጅ ቦምብ ተወርውሮ ሰው ሞተ፣ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድርም ቆሰሉ። ኦብነግ ይህኛውን እኔ አይደለሁም ብሎ ካደ። በሰኔ 1999 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሰፊ ወታደራዊ ዘመቻ መጀመሩን ገለጹ።

ነገሩ የተበላሸው በዘመቻው መልክ ነው። አምስት ዞኖች ላይ አተኮረ። ፊቅ፣ ደገሃቡር፣ ጎዴ፣ ቆራሄ፣ ዋርዴር። ስሌቱ ግልጽ ነበር። ታጣቂው የሚበላው ከእረኛው ቤት ነው፤ ስለዚህ የእረኛውን ቤት ማድረቅ ነው። የንግድ መኪና እንዳያልፍ ተከለከለ። የከብትና የግመል ንግድ ቆመ። መንደሮች ለቅቀው እንዲወጡ ታዘዙ፣ ያልለቀቁ መንደሮች ተቃጠሉ።

ጎረቤታችን ሾፌር ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ያን ክረምት በአይሱዙ ፓስታ፣ ሩዝና ስኳር ጭኖ ከአዳማ ተነሳ። ጭነቱ የአንድ የደገሃቡር ነጋዴ ነው። በአዋሽ፣ በአሰበ ተፈሪ፣ በሐረር፣ በባቢሌ አድርጎ ጅግጅጋ ደረሰ። ኬላው ላይ ከዚህ አታልፍም ተባለ። እስከ መቼ ቢል መልስ የለም። መኪናውን አቁሞ 11 ቀን ተቀመጠ።

«ሽማግሌው ነጋዴ በየማለዳው ይመጣል» ይላል ጋሼ። «የመኪናውን በር ያንኳኳል። ሾፌር፣ ምን ተባለ? ይለኛል። ምንም አልተባለም እለዋለሁ። ቆሞ ጭነቱን ያያል፣ ይሄዳል። በኋላ በኋላ ቤተሰቦቹ ያሉበት ቦታ ምን እንዳለ መንገር ጀመረ። እኔም መጠየቅ ፈራሁ።» በ11ኛው ቀን ጭነቱ እዚያው ጅግጅጋ በርካሽ ተሸጠ። ጋሼ ባዶ መኪና ይዞ ተመለሰ። ዛሬም ነገሩ ሲነሳ አንድ አባባል አለው። «ጅግጅጋ ላይ ፓስታ ነቀዘ፣ ደገሃቡር ላይ ሰው ተራበ።»

በሐምሌ 1999 መንግሥት ዓለም አቀፉን የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከክልሉ አስወጣ። ያ ኮሚቴ 7ቱን ቻይናውያን ከታጣቂዎቹ እጅ የተቀበለው እንደሆነ ልብ በሉ። ከሦስት ወር በኋላ ለክልሉ ሕዝብ ውኃና መድኃኒት እንዳያደርስ ታገደ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችም መግቢያ ተከለከልኩ ብሎ ጮኸ።

እኛ አዳማ ላይ በዚያው ክረምት ለሚሌኒየሙ በዓል እንዘጋጅ ነበር። አስፋልቱ ዳር መብራት እየተሰቀለ ነበር። ይህን ለወቀሳ አይደለም የምጽፈው። አናውቅም ነበር። ጋዜጠኛ እንዳይገባ ተደርጎ ስለነበር ከጋሼ አፍ ካልሆነ የሚነግረን አልነበረም።

በሰኔ 2000 የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች ረጅም ሪፖርት አወጣ። ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ድብደባ፣ የመንደር ቃጠሎ ዘረዘረ። መንደሮች ከመቃጠላቸው በፊትና በኋላ በሳተላይት የተነሱ ፎቶዎችም አብረው ወጡ። ሪፖርቱ ኦብነግን አልማረም፤ አቦሌ ላይ የፈጸመውን ግድያ በግልጽ ኮነነ። መንግሥት ውንጀላውን አስመርምሬ ሐሰት ሆኖ አገኘሁት አለ። ለአቦሌ ሙታን ፍትሕ ተብሎ የተነሳው ዘመቻ አቦሌን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ እናቶችን ቤት አልባ አድርጎ ቀረ።

ልዩ ፖሊስ

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ ጥያቄ ደረስን።

መከላከያው በዚያ ምድር እንግዳ ነበር። ቋንቋውን አያውቅም፣ ጎሳውን አይለይም፣ ውኃ ያለበትን አያውቅም። ስለዚህ የአካባቢውን ሰው በአካባቢው ሰው ማስያዝ የሚል ሐሳብ መጣ። ልዩ ፖሊስ የተመሠረተው ከአቦሌ በኋላ በነበረው ዓመት አካባቢ ነው። ያቋቋሙት በወቅቱ የክልሉ የጸጥታ ኃላፊ የነበሩት አብዲ መሐመድ ዑመር ናቸው። ሕዝቡ አብዲ ኢሌ ይላቸዋል። በ2002 ማብቂያ አካባቢ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ። ሠራዊቱም አብሯቸው ከፍ አለ።

እንዲህ ያለ ኃይል ለጊዜው ውጤታማ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ልጁ ጫካ የገባበትን ቤት ያውቃል። አጎቱ ማን እንደሆነ፣ እህቱ የት እንዳገባች፣ ግመሎቹ የት እንደሚጠጡ ያውቃል። ስለዚህ ታጣቂውን ሲያጣ ዘመዱን ይይዛል። የዘመድ ዕውቀት የሚገርም ኃይል ነው፤ ለርዳታም ለጭካኔም ያገለግላል። የጦር ፍርድ ቤት የለበትም፣ የፌዴራል ቁጥጥሩም የላላ ነው። ትዕዛዙ ከአንድ ሰው ይመጣል።

መጋቢት 2004 ላይ በገሻሞ ወረዳ ረቅዳ በተባለ መንደር ቢያንስ 10 ሰው ያለ ፍርድ እንደገደለ ሂዩማን ራይትስ ዎች መዘገበ። ግንቦት 28 ቀን 2008 ደግሞ በዚያው በገሻሞ፣ ጃማ ዱባድ በተባለ መንደር፣ 21 ሰው ገደለ። ሰባቱ ሴቶች ነበሩ። ጅግጅጋ መሐል ያለው ጄል ኦጋዴን የሚባለው እስር ቤት ስሙ ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማንም አልተጠየቀም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኦብነግ ተዳክሟል፣ ስለዚህ ሥራው ተሠርቷል። ሰው የተረዳው ነገር ቢኖር የሶማሌ እረኛ ደም የማያስጠይቅ መሆኑን ነው። ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ እስኪዞር ድረስ ከክልሉ ውጭ ያለን ሰዎች ጉዳያችን አላልነውም።

ዞሮ መጣ

የ2010ን መፈናቀል ሁሉ አቦሌ አመጣው አልልም። ውሸት ይሆናል። የኦሮሚያና የሶማሌ ክልል የወሰን ጠብ የቆየ ነው። በ1997 ከ420 በላይ ቀበሌዎች ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ አብዛኛው ወደ ኦሮሚያ ሄደ፤ ወሰኑ ግን መሬት ላይ ሳይሰመር ኖረ። የጫት ገንዘብ አለበት። የኮንትሮባንድ መስመር አለበት። በኢሕአዴግ ውስጥ የነበረው የሥልጣን ትግልም አለበት። ግን በወሰን የሚጣሉ ክልሎች ሁሉ አንድ ሚሊዮን ሰው አያፈናቅሉም። ልዩነቱ ያለ ተጠያቂነት አሥር ዓመት የሠለጠነ ጦር መኖሩ ነው።

አዲሱ ዓመት በገባ በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን 2010፣ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ አወዳይ ላይ ሰው ተገደለ። ብዙዎቹ የሶማሌ ጫት ነጋዴዎች ነበሩ። ስንት እንደሞቱ ሁለቱ ክልሎች ሊስማሙ አልቻሉም። ከዚያ ኦሮሞዎች ከጅግጅጋና ከሌሎች የሶማሌ ክልል ከተሞች በገፍ ተባረሩ። ሶማሌዎችም ከኦሮሚያ ከተሞች ተባረሩ፤ ብዙዎቹ ባቢሌ አጠገብ ቆሎጂ በተባለው ቦታ ሠፈሩ። በታኅሣሥ ምዕራብ ሐረርጌ ላይ በሐዊ ጉዲና 29 ኦሮሞዎች ተገደሉ። ከዚያ በዳሮ ለቡ ወረዳ 32 ሶማሌዎች በበቀል ተገደሉ። ጥቂት ቀን፣ 61 ሰው። በዳሮ ለቡ የተገደሉት ሐዊ ጉዲና ላይ አልተኮሱም። ልክ የደገሃቡሩ ሽማግሌ ነጋዴ አቦሌ ላይ እንዳልተኮሰ።

ከምሥራቅ የመጡት ተፈናቃዮች በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞችና በአዳማ ሠፈሩ። እንዲህ ነው ያቺ ልጅ እኛ አጥር ላይ ቆማ በሶማሊኛ የቆጠረችው።

መቀበሉ ላይ ሰፈራችን አልከፋም። እድራችን ገንዘብ አዋጣ፣ ብርድ ልብስ ተሰበሰበ። ያዘንኩበት ነገርም አለ። ሱቅ ውስጥ ሶማሊኛ ያወራ ሰው ሲመጣ ፊት የሚያዞሩ ጀመሩ። አንድ የሱቅ ባለቤት ለአንድ ሶማሌ ወጣት ስኳር አልሸጥም ሲል በዓይኔ አየሁ። ልብስ ሰፊዋ እዚያው ነበረች። ስኳሩን በራሷ ስም ገዝታ ለልጁ ሰጠችው። በሶማሊኛ ምን እንዳለችው አላውቅም። ልጁ ግን ግንባሯን ሊስማት ጎንበስ አለ።

ሰላሙና ጋዙ

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። ሰኔ 2010 ላይ ፓርላማው ኦብነግን ከሽብርተኛ መዝገብ አወጣ። ሐምሌ 28 የፌዴራል ጦር ጅግጅጋ ገባ፤ በዚያን ቀንና በማግሥቱ ከተማዋ ተዘረፈች፣ ሰው ተገደለ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። አብዲ ኢሌ ሥልጣን ለቀቁ፣ በነሐሴም ታሰሩ። ጄል ኦጋዴን ተዘጋ። ጥቅምት 11 ቀን 2011 አስመራ ላይ መንግሥትና ኦብነግ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። በ1976 ከተመሠረተው ግንባር ጋር 35 ዓመት ሊሞላ ሲል ማለት ነው።

ሰላሙ ጥሩ ነው። በእውነት ጥሩ ነው። ጋሼ ዛሬ እስከ ጎዴ ያለ እጀባ ይሄዳል። ሒሳቡ ግን አልተወራረደም። አብዲ ኢሌ ላይ የተመሠረተው ክስ በመጋቢት 2016 ተቋረጠና ተፈቱ። ክሱ የሐምሌ 2010ሩ የጅግጅጋ ጥፋት ነበር። የረቅዳና የጃማ ዱባድ ጉዳይ ጨርሶ አልቀረበም። የአቦሌ 65 ኢትዮጵያውያን ጉዳይ በስምምነቱ ማግሥት የሚነሳ ወሬ አልነበረም። የክልል ልዩ ኃይሎች በ2015 እንዲፈርሱ ተወሰነ፤ ያም የሆነው በሌላ ጦርነት ምክንያት ነው። የካሉብ ጋዝ ደግሞ በመስከረም 2018 የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። ከጋዙ ገቢ ለደገሃቡር መንደር ምን ይደርሳል የሚለው ለእኔ የ1999 ጥያቄ ነው፤ አሁንም መልሱን የምጠብቀው በቁጥር ነው።

ከስምምነቱ ጥቂት ወራት በኋላ ጋሼ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ጅግጅጋ ሊሄድ ሲል ልብስ ሰፊዋ መጣች። አንድ ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። «ጋሼ፣ ይቺ ሴት ጎረቤቴ ነበረች። ሰላም በልልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችው።

ከስድስት ቀን በኋላ ጋሼ ተመለሰ። ከኋላ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወረደ። የስፌት መኪናዋ ነው። ሶማሌዋ ጎረቤት በዝርፊያው ቀን ወደ ቤቷ አስገብታ አልጋ ሥር ደብቃው ኖራለች። ከመኪናው ጋር ጥግ ላይ የተቋጠረ ሻሽ ነበር። ተፈናቅላ ስትወጣ ሰፍታ የጨረሰቻቸው ሦስት ድሪያዎች ሱቋ ውስጥ ቀርተው ነበር። ጎረቤቷ ለባለቤቶቹ አድርሳ ሒሳቡን ተቀብላላታለች።

ልብስ ሰፊዋ ሻሹን ፈታች። እዚያው መንገድ ላይ ቆማ ብሩን ቆጠረችው። «ልክ ነው» አለች፤ ከዚያ መኪናውን ወደ ቤት እንድናስገባ አገዝናት።